በርበሬ የገባበት ወር ሒሳብ

ቤታችን በቀን ስንት ብር እንደሚበላ ስጠየቅ ሳላንገራግር መመለስ ጀምሬአለሁ። አምስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆችና አማቴ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም። የጤፍ ዋጋ እንዲህ በሚዋልልበት ከተማ የእኔ ቤት ቁጥር ለሌላ ሰው አይጠቅምም። ይጠቅማል ብዬ የማስበው ወደ ቁጥሩ የደረስኩበት መንገድ ነው፤ በተለይም መንገዱ ላይ ለረጅም ጊዜ ያቆመኝ በርበሬ።

መነሻዬ ከብዙዎቻችሁ የተለየ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደመወዙ ወር አላደርስ አለ፤ አስቤዛ መመዝገብ ጀመርኩ። የስልክ መተግበሪያዎችን ሞከርኩ። ጳጉሜን አያውቁም፤ ጾም የሚባል ነገር መኖሩንም አልሰሙም። ኤክሴል ደኅና ነው፤ ችግሩ ኮምፒውተሩ ሳሎን፣ ሽንኩርቱ ወጥ ቤት መሆኑ ነው። በሲባጎ የታሰረ ደብተርና እርሳስ ከሁሉም ይበልጣል። እርሳስ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ እስክሪብቶ በእርጥብ እጅ ሲነካ ይጨማለቃል።

ታኅሣሥ ሲዘጋ ደብተሩ ያኮራ ነበር። የጥር ድምር ግን ከእጥፍ በላይ ሆኖ መጣ። የበላነው ያንኑ ነው። የሆነው ይኸው ነው፤ ምርት ገብቶ ዋጋ ረገብ ሲል አማቴ የዓመቱን በርበሬ ገዙ፣ የማረቆ ዛላ። ዛላው ብቻውን አይመጣም፤ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው፣ ኮረሪማው፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙዱ፣ የምትቀነጥሰውና የምትወቅጠው ሴት ክፍያ፣ በመጨረሻም ወፍጮ ቤቱ ይከተላሉ። በዚያው ሰሞን አንድ ኩንታል ጤፍ ገባ። ደብተሩን ያየ ሰው ጥርን ድግስ የተደገሰበት፣ የካቲትን ደግሞ የተራብንበት ወር አድርጎ ያነበዋል።

መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ለ12 መክፈል ነው። ወረቀት ላይ ደስ ይላል። ግን በርበሬው ልክ በዓመቱ እንደሚያልቅ ማን ነገረን? አንዱ ዓመት ሠርግ አለበት፣ አንዱ ዓመት ለቅሶ፤ እህት ትመጣና «ትንሽ ቅዱልኝ» ትላለች። ሁለተኛው ሐሳብ ትልልቅ ግዢዎችን ለብቻ ገጽ መስጠት ነው። ይህ የከፋ ነው፤ የቤቱ ዋና ወጪ ከወሩ ድምር ወጥቶ ይደበቃልና ሰው ቆጣቢ የሆነ ይመስለዋል።

መፍትሔው የተገዛበትን ቀን ትቶ ከጓዳ የወጣበትን ቀን መያዝ ሆነ። ትልቁ የበርበሬ እቃ ታሽጎ ይቀመጣል። ከእሱ ወደ ትንሹ እቃ ሲገለበጥ ይመዘናል፤ ትንሹ እቃ ላይ በተለጠፈ ፕላስተር ሚዛኑና የተከፈተበት ቀን ይጻፋል። ሲያልቅ ያለቀበት ቀን ይጨመራል። ወሩ የሚከፍለው ከትልቁ እቃ የወጣለትን ብቻ ነው። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ መጋዘን ያለው ድርጅት ሁሉ ሒሳቡን የሚይዘው እንዲህ ነው። ጓዳ መጋዘን መሆኑን ለመቀበል ነው ጊዜ የወሰደብኝ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ የዱቄቱ ዋጋ የጥሬው ዋጋ አይደለም። ለስሌት እንዲመች ኩንታል ጤፍ 12000 ብር ነው እንበል። ተነፍቶ 4 ኪሎ እብቅና አፈር ቢወጣለት 96 ኪሎ ይቀራል። ለማጓጓዣና ለወፍጮ 600 ብር ቢጨመር 12600 ብር ለ96 ኪሎ ይካፈላል፤ ኪሎው 131 ብር ከ25 ሳንቲም ይወጣል። ስናወራ የምንጠራው ግን 120ውን ነው። ቅቤም ሲነጠር ይጎድላል፤ በርበሬም ሲቀነጠስና ሲደርቅ ይቀላል። መመዘን ያለበት በመጨረሻ እቃ ውስጥ የገባው ነው።

ፕላስተሩ ያልጠበቅሁትንም አሳየኝ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ቅቤው አይነካም፤ የሽሮው እቃ ላይ ያሉት ሁለት ቀኖች ግን በጣም ይቀራረባሉ፤ የዘይቱም እንደዚያው። ጾም ወጪ ይቀንሳል የሚለው ወሬ እኛ ቤት ሥጋና ቅቤ ላይ ብቻ ይሠራል።

ሽሮውን በተመለከተ ሌላ ራስ ምታት ነበረብኝ። እናቴ ከጎጃም ትልክልናለች። ደብተሩ ላይ «ዜሮ ብር» ከተጻፈ ቤቱ ከእውነቱ በታች የሚበላ ይመስላል። አሁን በሰፈራችን የሽሮ ዋጋ ተምኜ እጽፈዋለሁ። ስታትስቲክስ መሥሪያ ቤቱም የቤተሰብ ፍጆታ ሲያጠና ገበሬው ከገዛ ማሳው የበላውን እህል በብር ተምኖ ይቆጥራል። እናቴ ይህን ብትሰማ ግን ትታዘበኛለች፤ አልነገርኳትም።

ከመሣሪያ ሁሉ የምወደው ትንሿን ሚዛን ነው። ስለ ሚዛን ክርክር አልቀበልም። «የ50 ብር ቲማቲም» ብሎ የሚገዛ ሰው ደብተሩ ላይ ኑሮ ሲወደድ አይታየውም፤ ሁልጊዜም 50 ብር ነው የሚጻፈው። በመደብ ስትገዙም ብሩ ባለበት ይቆማል፣ ክምሩ ያንሳል። እቤት ሲገባ ይመዘን፤ ከብሩ አጠገብ ኪሎው ይጻፍ። የእሁድ ገበያ ከሰፈር ጉልት ይረክሳል ወይ የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው እሱ ብቻ ነው። ለእኔ መልሱ ለሽንኩርትና ለድንች ይረክሳል፣ ለቅጠላ ቅጠል ትራንስፖርቱን አያወጣም የሚል ነው።

ከገቢያችሁ ይህን ያህል በመቶ ለምግብ መድቡ የሚል ምክር ደግሞ ከየትም ይምጣ፣ ጆሮ አትስጡት። ኤርንስት ኤንግል የሚባል ጀርመናዊ የስታትስቲክስ ባለሙያ (የማርክስ ጓደኛ ኤንግልስ ሌላ ነው) እ.ኤ.አ. በ1857 የቤልጂየም ቤተሰቦችን ወጪ መርምሮ፣ ገቢ ባነሰ ቁጥር የምግብ ድርሻ እንደሚያድግ አሳይቷል። በእኛም አገር የዋጋ ግሽበት ሲሰላ ከጠቅላላው ክብደት ከግማሽ በላዩን የሚይዘው ምግብ ነው። ድርሻው ትልቅ የሆነው ስላባከንን አይደለም፤ ደመወዙ ትንሽ ስለሆነ ነው።

ይህን ሁሉ የምላችሁ ሰው ቡና አይመዘግብም። ሞክሬ ነበር፤ ስኒ የተቆጠረባቸው ባለቤቴና አማቴ ባንድ ድምፅ ተነሡብኝ፤ ተውኩት። የፋሲካ ዶሮም የራሱ ገጽ አለው፤ ያንን ገጽ አልደምርም። እንጀራን በተመለከተ ደግሞ፣ ዱቄቱን መዝኜ የወጣውን እንጀራ ከቆጠርኩ በኋላ ከሱቅ መግዛት የሚወራውን ያህል ኪሳራ አለመሆኑን ደርሼበታለሁ፤ አማቴ ፊት ግን አልደግመውም።

ያልተፈታው የማብሰያው ወጪ ነው። ምጣዱ መብራት እንደሚበላ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከሚቀጥለው ጋገራ ጀምሮ ቆጣሪውን ከመጋገሩ በፊትና በኋላ አነባለሁ። ከሰልን በሚዛን የሞከረ ካለ ይጻፍልኝ። ጆንያው ግርጌ የሚቀረው ብናኝ ከዋጋው ይቀነስ ወይስ አይቀነስ በሚለው ላይ እኔና ባለቤቴ እስካሁን አልተስማማንም።