ብርጭቆው በየትኛው እጅ ነበር?

የቴሌቪዥን ድራማ ላይ የኔ ሥራ ኮንቲኒዩቲ ነው፤ አንድ ትዕይንት ደጋግሞ ሲቀረጽ ነገሮች እንዳይለዋወጡ መጠበቅ። ተዋናዩ በሩን በየትኛው እጁ እንደከፈተ፣ የሸሚዙ ስንት ቁልፍ እንደተቆለፈ፣ ብርጭቆው ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንደቀረ እመዘግባለሁ። ሰው የማያየው ሥራ ነው። የሚታየው የተበላሸ ዕለት ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ በሞዴልነት የታወቀች ልጅ ለዋና ገጸ ባህሪ ተመርጣ መጣች። ከእሷ በፊት ሐሜቱ ደረሰ። «መልኳ ነው ያስገባት» ተባለ። ይቺን ወሬ አልወዳትም። ደቡብ ኮሪያዊቷ ጁንግ ሆዮንም እ.ኤ.አ. በ2021 በ«ስኩዊድ ጌም» ተከታታይ ድራማ ስትታይ ከሞዴሊንግ መምጣቷ ነበር፤ የመጀመሪያ ትወናዋ ነው። በ2022 የአሜሪካ የስክሪን ተዋንያን ማኅበር በድራማ ተከታታይ ዘርፍ የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ሰጣት። መልክ ለፈተና ያስጠራ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ብዙም አይረዳም።

የኛዋም ልጅ የመጀመሪያውን ቀን አፋችንን አስያዘችን። ወለሉ ላይ የሚለጠፈውን የመቆሚያ ምልክት ወደ ታች ሳታይ ትቆምበታለች። ብዙ ዓመት የተወነ ሰው እንኳ እዚህ ላይ ይደናበራል። መብራቱ ፊቷ ላይ የት እንደሚያርፍ ሳይነገራት ታውቃለች። ካሜራማኑ ፍቅር ያዘው ማለት ይቻላል (በሥራዋ ማለቴ ነው)።

ጉዱ የመጣው በማግስቱ ነው። ትዕይንቱ ቀላል ነው። እናት ቤቱን ልትሸጠው እንደሆነ ትናገራለች፤ ልጅ ውሃ እየጠጣች ትሰማለች። ሰፊውን ምስል ስንቀርጽ «መቼ?» ስትል ብርጭቆውን በቀኝ እጇ አነሳች። ቆንጆ። ካሜራው ተጠግቶ ያንኑ ስንደግም በግራ አነሳችው። ቀጥሎ ጭራሽ ተወችውና ፀጉሯን ወደ ኋላ መለሰች። ቀጥሎ ወደ መስኮቱ ዞረች። «ቀኝ እጅ፣ ‹መቼ› ላይ» እላታለሁ። «እሺ፣ ይቅርታ» ትለኝና ሌላ አዲስ ነገር ታመጣለች። ይህ ሲገጣጠም ብርጭቆው ከእጅ እጅ ሊዘል ነው። ተመልካች ደግሞ እንዲህ ያለውን አይምርም።

ዳይሬክተሩ ትዕግሥቱ አለቀ። «ለምንድነው በየጊዜው የምትቀያይሪው?»

ልጅቷ ከልቧ ግራ ገባት። «አንድ ዓይነት ነገር ከደገምኩማ ለምን ትቀርጹኛላችሁ?»

የሳቀም ነበር። እኔ ግን ነገሩ ያኔ ገባኝ። ፎቶ ስቱዲዮ ውስጥ ካሜራው ብልጭ ባለ ቁጥር አዲስ ነገር መስጠት ነው ሥራው። የደገመች ሞዴል ሰነፍ ነች። እኛ ጋ ተገላቢጦሽ ነው፤ አንዱን ድርጊት ከየአቅጣጫው ደጋግመን ቀርጸን አንዴ የሆነ እናስመስለዋለን። ልጅቷ አልሰነፈችም፤ የድሮ ሥራዋን በደንብ እየሠራች ነበር።

ሌላም ነገር ነበር። እናትየው ሲናገሩ ፊቷን አሳምራ ታስቀምጠዋለች። ፎቶ የሰከንድ ቅንጣት ነው የሚይዘው። ቪዲዮ በሰከንድ 24 ወይም 25 ምስል ያሳልፋል፤ የተቀመጠ ፊት ወዲያው ያስነቃል።

መፍትሔው ከዳይሬክተሩ አልመጣም። እናቷን ሆነው የሚጫወቱት አንጋፋ ተዋናይት ብርጭቆውን አስነሱና የታጠበ ልብስ አስመጡ። «ልጄ፣ ‹ቤቱን› ስል ፎጣውን አንሺ። ‹ገዢ› ስል እጠፊ። ሌላውን እርሺው» አሏት።

ብልሃታቸው የገባኝ ቆይቶ ነው። ቃሉ እንዳያመልጣት መስማት አለባት። መስማት ስትጀምር ደግሞ ፊቷን ማሳመሩን ረሳችው። «ገዢ» የሚለው ላይ ፎጣውን አጠፈች፤ ጫፎቹ አልገጠሙም፤ ዘርግታ እንደገና አጠፈችው። «ሁለቴ ታጠፈ» ብዬ ጻፍኩ። ካሜራው ሲጠጋም እዚያው ቃል ላይ ሁለቴ አጠፈችው። ማንም አላስታወሳትም።

ከወራት በኋላ ለፖስተር ፎቶ መነሳት ነበረብን። ያ ሁሉ ነባር ተዋናይ እንደ መታወቂያ ፎቶ ድርቅ አለ። አንጋፋዋም ሳይቀሩ «እጄን የት ላድርገው?» ይላሉ። ልጅቷ አጠገባቸው ቆማ «አገጭዎን ትንሽ ዝቅ ያድርጉት። ክብደትዎን በኋላኛው እግርዎ ላይ። አሁን ሌላ» ትላቸዋለች።

«ያንኑ ልድገመው?»

«ኧረ በጭራሽ!»