ተርኪው ቆጥ ሲወጣ

የዱር ተርኪ አደን የንጋት ሥራ ይመስላል እንጂ ዋናው ነገር የሚያልቀው በዋዜማው ምሽት ነው። በአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ግዛት የፀደዩ አደን የሚከፈተው በኤፕሪል ሁለተኛው ቅዳሜ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መተኮስ የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ እስከ እኩለ ቀን ብቻ፣ ያውም ጢም (ከደረቱ የሚንጠለጠል ፀጉር መሰል ላባ) ያለውን ወፍ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጫካ ገብቶ ፍለጋ የሚጀምር ሰው ጥሩውን ሰዓት በእግር ጉዞ ይጨርሰዋል። ማታ አውራው የት እንደሰፈረ የሰማ ግን ጨለማውን የሚያሳልፈው ቦታውን ይዞ ነው።

አገር ቤት ጅግራ እያየ ያደገ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። ቀኑን ሙሉ መሬት ሲጭር የዋለ ወፍ ሲመሽ ዛፍ ላይ ይወጣል። ተርኪ በጨለማ ደህና አያይም፤ ቀበሮና የተኩላ ዘመድ የሆነው ኮዮቴ ደግሞ የሚዞሩት ሌሊት ነው። በደረሰ አውራ ከ8 እስከ 11 ኪሎ የሚመዝን ሥጋ ከመሬት ሲነሳ ክንፉ ዝም ብሎ አይነሳም። ጸጥ ባለ ምሽት ብርድ ልብስ የሚራገፍ የሚመስል ድምፅ ይሰማል፤ ቅርንጫፍ ይንኮሻኮሻል፤ አንዳንዴም አንዱ ዛፍ አልመች ብሎት ወደ ሌላው ይዘላል። ምንም ጩኸት ባይኖር እንኳ ይህ ብቻውን ይበቃል።

ሰዓቱ ጠባብ ነው። በኤፕሪል አጋማሽ በሰሜን ቨርጂኒያ ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ ምሽቱ 1፡45 ገደማ ነው፤ ወፎቹ ቆጥ የሚወጡት ከዚያ ጀምሮ ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። ሰማዩ ከደመነ ይቀድማሉ። ከመጥለቋ አንድ ሰዓት በፊት ከፍ ያለ ቦታ ላይ መቀመጥ ይገባል፤ ከሥር ሸለቆ የሚነሳ ድምፅ ወደ ላይ ይሰማል፣ ሸለቆ ውስጥ የገባ ሰው ግን ከጀርባው ካለው ጋራ ማዶ ያለውን አይሰማም። ነፋስና ዝናብ ባለበት ምሽት ብዙ ድምፅ እሰማለሁ ብሎ ተስፋ ማድረግ አይገባም።

የት? በአፓላቺያን ጋራዎች ላይ ከሸንተረሩ ጫፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነፋስ የማይመታው ጎን፣ ወይም ከጅረት በላይ ያለ ተዳፋት። ዛፉ ያረጀ፣ አግድም የተዘረጋ ወፍራም ቅርንጫፍ ያለው ይሆናል፤ ኦክ፣ ሲካሞር፣ ቅዝቃዜና ነፋስ ሲበረታ ደግሞ ጥድ። ከሥሩ ኩስ መፈለግ ነው። የአውራው ረዘም ብሎ ጫፉ ይታጠፋል፣ የሴቷ ተጠምዝዞ ይከመራል። የደረት ላባ ከተገኘ ጫፉ ጥቁር የሆነው የአውራ ነው፣ ቡናማው የሴት። ነገር ግን ኩስ ያለበት ዛፍ ማለት ዛሬ የሚሰፍሩበት ዛፍ ማለት አይደለም። ዛፍ በማይበዛበት በቴክሳስ ሜዳ ያለው የሪዮ ግራንዴ ዝርያ ወደ አንድ ቦታ ዓመት ከዓመት ይመለሳል፤ የምሥራቁ ዝርያ ግን ጫካው ሁሉ ቆጡ ስለሆነ ማደሪያውን ይቀያይራል። የትናንቱ መረጃ ዛሬ እንደገና መረጋገጥ አለበት።

አሁን ወደ ጉጉቷ። አገር ቤት ጉጉት ደጅ ላይ ስትጮህ ሟርት ነው፤ እዚህ ግን በአፍ ወይም በሚነፋ መጥሪያ እሷን መስሎ መጮህ ሙያ ነው። በጫካው በብዛት የምትገኘው ባርድ የምትባለው ጉጉት ስምንት ምት ያለው ጩኸት አላት፤ ሁ ሁ ሁ-ሁ፣ ሁ ሁ ሁ-ሁዋ። በፀደይ አውራ ተርኪ ድንገተኛ ኃይለኛ ድምፅ ሲሰማ ሳያስብ መልሶ ይጮኻል፤ የመኪና በር ሲዘጋም፣ ነጎድጓድ ሲያጉረመርምም እንዲሁ ነው። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ስምንቱንም ምት አሳምሮ ይጨርሳል፤ የወፉ መልስ ግን ወዲያው፣ አንዳንዴም ገና በመሐል ስለሚመጣ በራሱ ጩኸት ይሸፍነዋል። መጀመሪያ አሥራ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ማዳመጥ፤ ራሱ የሚጮህ ካለ ምንም መንፋት አያስፈልግም። ከዚያ ሁለት ሦስት ምት ብቻ ሰጥቶ ትንፋሽ መያዝ። መልስ ከሌለ ሙሉውን ጩኸት፣ ከዚያ የቁራ ድምፅ። የኮዮቴ ጩኸትን እኔ ለመጨረሻ አስቀምጠዋለሁ። የሴት ተርኪ ድምፅ ግን ማታ ባይነካ ይሻላል፤ ነገ አውራውን ለመጥራት የሚያስፈልገውን መሣሪያ ዛሬ ማባከን ነው። እውነተኛ ጉጉቶች ከመጡ ደግሞ ዝም ማለት፤ እርስ በርስ ሲንጫጩ ሥራውን በነፃ ይሠሩልናል።

መልስ ተሰማ? በቃ፣ ዳግመኛ አለመንፋት። ኮምፓስ አውጥቶ አቅጣጫውን መመዝገብ፣ ሁለት ሦስት መቶ ሜትር ወደ ጎን ሄዶ ሌላ ጩኸት መጠበቅና ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበትን ካርታ ላይ ምልክት ማድረግ። ርቀት በጆሮ ብቻ ሲገመት ያታልላል። ወፉ ፊቱን ካዞረ የራቀ ይመስላል፤ በሜይ ቅጠሉ ከሞላ በኋላ ደግሞ ቅርብ ያለው ሁሉ ሩቅ ነው።

የሚያስፈልገው ሸንተረሩና ጎኑ ነው፤ ዛፉን ራሱን ለማየት መጠጋት ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ነው። ብርሃን ሳይጠፋ ከ200 ሜትር በታች የቀረበ ሰው ይታያል። በጨለማ የተባረረ ወፍ ደግሞ በደመ ነፍስ በርሮ የትም ያርፋል፤ በማግስቱም ብዙ ጊዜ አፉን አይከፍትም። ስለዚህ ፍጹም እስኪጨልም ባሉበት ቆይቶ በመጡበት መመለስ፣ እየተመለሱም የጠዋቱን መንገድ ማጥናት ነው። የደረቀ ቅጠል የት ይንኮሻኮሻል? ጅረቱ የት ይሻገራል? ማታ ሃያ ደቂቃ የፈጀ መንገድ ጠዋት ያለ ባትሪ አርባ ይፈጃል።

መቀመጫው ከቆጡ 100 ሜትር ገደማ፣ ከእሱ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ መሬት ላይ፣ ከትከሻ የሰፋ ዛፍ ተደግፎ ይሁን። በመካከል ጅረት፣ አጥር ወይም ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ካለ አውራው እዚያ ደርሶ ይቆማል፤ የፈለጉትን ያህል ቢጠሩት አይሻገርም። ፀሐይ 12፡33 ላይ ከወጣች 11፡15 ላይ ተቀምጦ መጨረስ ነው፤ የመጀመሪያው ጩኸት ከፀሐይ በፊት ነውና። ቆጥ ላይ እንዳለ መተኮስ በአንዳንድ ግዛቶች ክልክል ነው፤ ባይከለከልም አደን አልለውም። ቀይ፣ ነጭ ወይም ሰማያዊ ልብስ ፈጽሞ አይለበስም፤ የአውራው ራስ ቀለም ናቸውና ሌላ አዳኝ ይሳሳታል። ያ ማታ የመለሰው ጉጉትም ሰው ሊሆን ይችላል።

በምሽቱ የሴቶች ድምፅ አብሮ ከተሰማ ሐሳብ መቀየር አለበት። አውራው ጠዋት ወርዶ የሚከተለው እነሱን ስለሆነ፣ ከእሱ ሥር ከመቀመጥ ሴቶቹ ወደሚግጡበት ሜዳ በሚወስደው ጎን መቀመጥ ይሻላል። ጭራሽ ምንም ካልተሰማም ጫካው ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ ሴቶች የከበቡት አውራ ብዙ ጊዜ ማታ ዝም ይላል። ሁለት አውራ ከተሰማ ደግሞ፣ ምንም እንኳ ልብ ወደሚጮኸው ቢሳብ፣ እኔ የምመርጠው በጨለማ ያለ ኮሽታ ሊደረስበት የሚችለውን ነው።