የጀልባ ተጎታቼን እግር ስቀይር

ጎማው የፈነዳው እሑድ ከሰዓት፣ ሜሪላንድ ካለው ሳንዲ ፖይንት ዓሣ አስግሬ ስመለስ፣ ሩት 50 የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ነው። ጥይት የተተኮሰ ነበር የመሰለኝ። በመስታወት ሳይ ከተጎታቹ በስተግራ የጎማ ቁራጭ ይበተናል። እንደምንም ዳር ይዤ ቆምኩ። ጀልባዋ ደህና ናት። ጎማው ግን ቸርኬው ላይ እንደ ቡትቶ ተጠምጥሟል፤ ፓራፋንጎውንም ገንጥሎታል።

የሚያሳፍረኝ፣ እንጀራዬ ትራክ መንዳት ነው። በየማለዳው ከመነሳቴ በፊት አሥራ ስምንት ጎማ በባትሪ እያበራሁ አያለሁ፤ ፍሬን እሞክራለሁ። የራሴን ተጎታች ግን ከገዛሁት ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ አላየሁትም። ጀልባዋን አይቼ ተደስቼ፣ ሞተሩን አስነስቼ ሰምቼ፣ ገንዘቤን ቆጥሬ ሰጠሁ። ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። እዚያ ታንኳ ከውሃ ሲወጣ ደንገሉ እንዲደርቅ ዳር ላይ ይቆማል፣ አለቀ። ጎማና ፍሬን የሚባል ጣጣ የለውም።

መለዋወጫ ጎማ አስገብቼ ቀስ እያልኩ ቤት ገባሁ። በማግስቱ የፈነዳውን ጎማ ገልብጬ ሳይ ጥርሱ ከውጭ በኩል ገና አዲስ ይመስላል። ጎኑ ላይ ግን ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ 2314 የሚል ቁጥር አለ። በፈረንጆች አቆጣጠር የ2014 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ተጎታች ቆሞ ስለሚውል ጎማው ሳያልቅ ያረጃል፤ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል። ሌላ ያየሁት ነገር ደግሞ ከዕድሜውም ይብሳል፦ በውስጥ በኩል ያለው ጥርስ ብቻ ተበልቷል።

እዚህ ላይ ጋሼን ጠራሁ። ጋሼ ድሮ ሶማሌ ተራ አካባቢ ጋራዥ የሠራ፣ አሁን ጡረታ ወጥቶ ከእኛ ሁለት መንገድ አልፎ የሚኖር ሰው ነው። መጣ፣ ካርቶን አንጥፎ ተኛ፣ ከሥር ሆኖ ዝም አለ። ቆይቶ "አንተ ልጅ፣ ይሄ አክስል እኮ ጎብጧል" አለኝ። የተጎታች አክስል፣ ማለትም ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው ብረት፣ ሲሠራ መሐሉ ትንሽ ወደ ላይ ቀስት ይሠራል። ከአቅሙ በላይ ሲጫን ቀስቱ ይጠፋል፤ ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ ይጋደላሉ፣ የውስጥ ጥርሳቸውም ይበላል።

"ስንት ኪሎ ነው የምትጭንበት?" አለኝ። አላውቅም ነበር። ቅዳሜ ጀልባዋን ነዳጅ ሞልቼ፣ በረዶውንም መልሕቁንም ጭኜ፣ በሥራ ቀን ትራኬን የምመዝንበት ሚዛን ላይ ወጣሁ። አክስሉ ላይ ብቻ 4,180 ፓውንድ። አክስሉ የሚችለው ደግሞ 3,500 ነው። ጎማዎቹ ኤስቲ 205/75 አር 14፣ የጭነት ደረጃቸው ሲ፣ አንዱ በ50 ፒኤስአይ የአየር ግፊት 1,760 ፓውንድ የሚሸከም ነው። ሁለቱ ተደምረው 3,520። ሁለት ዓመት ሙሉ በሰው ሕይወት ስቀልድ ኖሬያለሁ።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ትልቅ ጎማ ገዝቶ መገላገል ነበር። ጋሼ ግን ከመኪናው ጋር ወደሚያያዘው የተጎታቹ አንገት ሄዶ ጭቃውን በጨርቅ ጠረገና "ና አንብብ" አለኝ። የፋብሪካው ሰሌዳ ነው። ጠቅላላ ክብደት 5,000 ፓውንድ፣ አክስል 5,200፣ ጎማ ኤስቲ 225/75 አር 15 ደረጃ ዲ ይላል። ከእኔ በፊት የነበረ ሰው የፋብሪካውን ባለስድስት ብሎን አክስል አውጥቶ፣ ርካሽ ባለአምስት ብሎን አስገብቶበት ኖሯል። ሰሌዳው ሁለት ዓመት አፍንጫዬ ሥር ነበር። ሰሌዳው ራሱ 3,500 ብሎ ቢሆን ኖሮ ወፍራም አክስል ማስገባቱ ብቻውን አያድነኝም ነበር፤ ሻሲው፣ ባሌስትራውና የኳሱ መያዣ የሚችሉት ያው ነውና።

አክስል ሲታዘዝ ሁለት ልክ ይጠየቃል። አንዱ ከሞዞ (የጎማው እምብርት) ፊት እስከ ሞዞ ፊት ነው፤ ማለትም ቸርኬው ከሚያርፍበት እስከ ወዲያኛው ቸርኬ ማረፊያ። ሁለተኛው ከባሌስትራ መሐል እስከ ባሌስትራ መሐል። እኔ ሜትሩን የያዝኩት ከግራሶ ክዳኑ ጫፍ ነበር። አክስሉ መጣ፣ ከሥር ገፋነው፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት ኢንች ያህል ተርፎ ጎማው ፓራፋንጎውን ሊበላ ሆነ። ለመመለስ የመላኪያውን ከፈልኩ፣ ሻጩም የራሱን ቆረጠ። ሁለተኛውን ሳዝ ሦስት ጊዜ ለካሁ፣ ጋሼም እኔን ሳያምን አንዴ ለካ። የአዲሱ አክስል ቱቦ ወፍራም ስለሆነ የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ብሎኖችም ተቀየሩ፤ ባሌስትራውንም ለ5,200 በሚሆን ለወጥነው። የዛጉትን ብሎኖች ልፍታ ብዬ ግማሽ ቀን ታገልኩ፤ በመጨረሻ በግራይንደር ቆረጥኳቸው። መጀመሪያውኑ መቁረጥ ነበረብኝ።

ፍሬኑ ላይ ነው ዋናው ትምህርት ያለው። የድሮው ታምቡር፣ ማለትም እንደ ከበሮ ዝግ የሆነው ዓይነት ነበር፤ ስንከፍተው ውስጡ የዝገት አፈር ሆኗል፣ እየተፋተገ የሚይዘው የፍሬን ሸራ ከብረቱ ተላቋል። ዓሣ የማሰግርበት የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ውሃ እንደ ውቅያኖስ ባይሆንም ጨው አለው። ታምቡር ውስጥ ገብቶ የተኛ ጨዋማ ውሃ ደግሞ ማንም አያጥበውም። ዲስክ ግን ክፍት ነው፣ በውሃ ቱቦ ይታጠባል፣ ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ ወደማይዝግ ዲስክ ቀየርኩ።

የዚህ ተጎታች ፍሬን ኤሌክትሪክ የለውም። የሚጎትተው ፒካፕ መኪናዬ ፍጥነት ሲቀንስ ተጎታቹ ከኋላ ይገፋል፤ ያ ግፊት አንገቱ ላይ ያለውን ተንሸራታች ይጫናል፣ እሱ ፖምፓውን፣ ፖምፓው ዘይቱን። እኔ ገንዘብ ላተርፍ ብዬ የታምቡሩን ፖምፓ እዚያው ተውኩት። ዘይት ሞላን፤ ልጄ አንገቱ ላይ ቆሞ "አባዬ ልግፋ?" እያለ ይጫናል፣ ጋሼ ከሩቁ ጎማ ጀምሮ አየሩን ያስወጣል። አረፋው አለቀ፣ ደስ አለን። ሰፈር ውስጥ አሥር ደቂቃ ነድቼ ወርጄ ሞዞውን ስነካ እጄን አቃጠለኝ።

ለካ የታምቡር ፖምፓ ውስጥ ትንሽ ቫልቭ አለች። ተጎታቹ መግፋቱን ሲያቆምም መስመሩ ውስጥ ጥቂት ግፊት ታስቀራለች። ለታምቡር ጥሩ ነው፣ ሸራውን የሚመልስ ሞላ አለውና። ዲስክ ግን እንዲህ ያለ ሞላ የለውም፤ ያች ጥቂት ግፊት ሸራውን ዲስኩ ላይ ስታሻሽ ትውላለች። ለዲስክ የተሠራ ፖምፓ ያለበትን አንገት ገዝቼ አስገባሁ። ጋሼ "ከመጀመሪያው ብትጠይቀኝስ?" አለኝ። እውነት ለመናገር እሱም የዚያን ቀን ነው ያወቀው።

በዚህ አላበቃም። ተጎታቹን ወደ ግቢዬ በኋላ ማርሽ ላስገባ ስል አሻፈረኝ አለ። የግቢዬ መግቢያ ዳገት ነው። ወደ ኋላ ስገፋው ያው ተንሸራታች ይጫናል፣ ፍሬኑም ይይዛል። የተጎታች ታምቡሮች ብዙዎቹ ወደ ኋላ ሲሽከረከሩ ራሳቸው ይለቃሉ፤ ዲስክ አይለቅም። መፍትሔው የኋላ ማርሽ መብራት ሲበራ ዘይቱን የሚዘጋ የኤሌክትሪክ ቫልቭ ነው፤ ለዚህም ባለአራት ሽቦ የነበረው የመብራት ሶኬት ባለአምስት መሆን አለበት። የጀልባ ማውረጃ ላይ፣ ሰው ከኋላዬ ተሰልፎ እየጠበቀ ቢያጋጥመኝ ኖሮ ምን እሆን እንደነበር አላውቅም።

ኩሺኔታውን ጋሼ ራሱ ነው የገጠመው፣ ለእኔ አላመነኝም። ግራሶውን መዳፉ ላይ አድርጎ ኩሺኔታውን በጠርዙ እየጫነ፣ በወዲያኛው በኩል ብቅ እስኪል ጠቀጠቀው። ዳዶውን ሞዞውን እያሽከረከረ አጠበቀ፣ መልሶ ላላ አደረገ፣ በጣቱ ብቻ አስጠጋው፣ ከዚያ መያዣውን ሽቦ ሰካ። "በቁልፍ ካጠበቅከው ትጠብሰዋለህ" አለኝ። ያስተማረኝ ሌላ ነገር ቢኖር ማውረጃው ጋ ደርሶ ወዲያው ውሃ ውስጥ አለመግባት ነው። የጋለ ሞዞ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ውስጡ ያለው አየር ይሰበሰብና ግራሶው እንዳይወጣ በሚዘጋው የጎማ ቀለበት፣ በፓራሊዮው በኩል ውሃ ይስባል። አሁን እዚያ ደርሼ መጀመሪያ ገመዶቼን አዘጋጃለሁ፣ ቡና እጠጣለሁ።

የቸርኬ ዳዶ በቶርክ ቁልፍ 100 ፉት ፓውንድ ላይ አጠበቅኩ። በ10፣ በ25 እና በ50 ማይል እየቆምኩ ደገምኩት፤ በ10ኛው ማይል ላይ ሁለቱ እሩብ ዙር ያህል ዞሩ። ጎማው አሁን በ65 ፒኤስአይ ነው የሚነፋው፣ ጠዋት ሳይግል። ፍጥነቴንም ከ65 ማይል አላሳልፍም። እንዲህ ዓይነት ጎማ ከዚያ በላይ የሚችል ከሆነ ጎኑ ላይ ይጻፍበታል፣ የእኔ ላይ የለም።

ጠቅላላ ወጪው፣ የተመለሰውን አክስል ጣጣ ጨምሮ፣ ወደ 2,400 ዶላር መጣ። ባለቤቴ "በዚህ ገንዘብ ስንት ዓሣ ይገዛ ነበር?" አለች፤ ቆጥሬ አልነገርኳትም።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼን ይዤ ሳንዲ ፖይንት ሄድኩ። ከመድረሳችን በፊት አንድ ነዳጅ ማደያ ቆመን እሱ ቀኝ፣ እኔ ግራ ሞዞውን በመዳፋችን ዳበስን። ሁለቱም ለብ ያሉ ናቸው፣ እኩል። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ተጎታቹ ላይ ያለው የመለዋወጫ ጎማ መስቀያ ባለአምስት ቀዳዳ ነው፣ አዲሱ መለዋወጫ ደግሞ ባለስድስት። ለጊዜው ፒካፑ ላይ ከበረዶ ሣጥኑ ጎን ተኝቶ ይሄዳል፤ ጋሼም ሳንድዊቹን የሚበላው እሱ ላይ ተቀምጦ ነው።