ዘፋኟ ያልተሳፈረችበት ጉዞ

ሂሮሳኪ የደረስኩት ከመሸ ነው። ከቶኪዮ እስከ ሺን አኦሞሪ በፈጣኑ ባቡር ሦስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው፤ ስለ መንገዱ የምለው የለኝም። ሌሊቱ ግን አይረሳኝም። ሲጋራ የማይጨስበት ክፍል ብዬ ከፍዬ ሳለ መጋረጃውም ትራሱም ትንባሆ ትንባሆ የሚሸት ክፍል ተሰጠኝ። ሌላ ባዶ ክፍል የለም ተባልኩ። የእንግዳ መቀበያው ልጅ ደጋግሞ ጎንበስ እያለ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ጎንበስ ባለ ቁጥር ቁጣዬ መውጫ አጣ። አዲስ አበባ ቢሆን ባለቤቱ ከቤቱ ተጠርቶ ይመጣል፣ የልቤን እናገራለሁ፣ እሱም የልቡን ይናገራል፣ ቡና ጠጥተን ታርቀን እንለያያለን። እዚህ ቅሬታዬን እንደያዝኩ፣ ካፖርቴን እንደለበስኩ፣ መስኮቱን ገርበብ አድርጌ አነጋሁ።

ወደዚህ የሰሜን ጃፓን ጥግ ያመጣኝ ሻሚሰን የሚባለው ባለ ሦስት ክር የሙዚቃ መሣሪያ ነው። የምኖረው ዋሽንግተን አጠገብ ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1912 ለከተማዋ የሰጠቻቸው 3,000 ያህል የቼሪ ዛፎች ዝና አላቸው፤ በየጸደዩ አበባው ሲፈካ የጃፓን ሙዚቃም አብሮ አደባባይ ይወጣል። ከእነዚህ በዓላት በአንዱ ሁለት ወጣቶች ሱጋሩ ከሚባለው፣ ሂሮሳኪ ካለችበት የሰሜን ጃፓን አካባቢ የመጣውን ሻሚሰን ይዘው መድረክ ላይ ወጡ። በትልልቅ ድምፅ ማጉያ፣ ጣታቸው እስከማይታይ ድረስ እየፈጠኑ ተጫወቱ፤ ሕዝቡም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አጨበጨበ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን ዜማው የማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚል፣ ከየት እንደመጣ ማንም ሳይነግረን ወረዱ። ቆይቼ ሳነብ የሱጋሩ ሻሚሰን መጀመሪያ የዘፈን አጃቢ እንደነበረ፣ ብቻውን መሰማት የጀመረው ኋላ እንደሆነ ተረዳሁ። ታዲያ ዘፈኑ የት ቀረ? ነገሩ ከነከነኝ፤ የዓመት ዕረፍቴን ለዚህ አዋልኩት።

ወደ ጎሾጋዋራ የሚወስደው ባቡር በበረዶ ምክንያት ዘገየ። ከዚያ ወደ መድረሻዬ ወደ ካናጊ የሚያደርሰው መስመር ላይ ከዲሴምበር እስከ ማርች የምድጃ ባቡር የሚሉት ይሠራል፤ ፉርጎው ውስጥ ድንጋይ ከሰል የሚነድበት ክብ የብረት ምድጃ ተተክሎ ጭሱ በጣሪያው ይወጣል። ለምድጃው ከትኬቱ ሌላ ተጨማሪ ይከፈላል። አልቆጨኝም፤ ከዚያ ሌሊት በኋላ እጥፉንም እከፍል ነበር።

ፊት ለፊቴ የተቀመጡ አሮጊት፣ ስኩዊድ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ደርቆ የሚሸጠውን ገዝተው ምድጃው ላይ አስጠበሱ። በእጃቸው ቀደው ግማሹን መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ፤ ብሉ ባይነታቸው የእኛን እናቶች ያስንቃል። የስልኬ አስተርጓሚ ከንግግራቸው አንድ ቃል አልያዘም፤ የሱጋሩ ዘዬ ለቶኪዮ ሰውም ይከብዳል። ሻሚሰን ልሰማ እንደምሄድ በእጄ ምልክት ሳሳያቸው ፊታቸው በራ። ወዲያው ጉሮሯቸውን በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው ወደ እኔ ጠቆሙ። ዘፈኑንም ማለታቸው ነበር።

ካናጊ ትንሽ ከተማ ናት፤ የሱጋሩ ሻሚሰን አዳራሽና ሙዚየም ከጣቢያው በእግር ይደረሳል፤ መግቢያውም ውድ አይደለም። የዚህ አጨዋወት አባት የሚባለው ኒታቦ እ.ኤ.አ. በ1857 እዚህ ተወለደ። አባቱ በወንዝ ላይ ሰው የሚያሻግር ባለ ጀልባ ነበር፤ ልጁ በፈንጣጣ ዓይኑን አጣ። ለዓይነ ስውራን ከለላ የነበረውን ማኅበር መንግሥት በ1871 ሲያፈርሰው፣ እንደ እሱ ላሉት የቀረው በየደጁ እየዞሩ ተጫውቶ እህል ወይም ሳንቲም መቀበል ነበር። ጎህ ሳይቀድ ደጅ ቆመው የሚያዜሙት፣ ሲሰጧቸው መርቀው የሚሄዱት ላሊበሎቻችን ታወሱኝ። የሱጋሩ ሰው ግን በዚያ ላይ በረዶ ነበረበት። በሩ ተዘግቶ፣ ነፋሱ እያፏጨ፣ ውስጥ እሳት ዳር የተቀመጠው ሰው እንዲሰማ ክሩን ብቻ ሳይሆን መሣሪያው ላይ የተወጠረውን ቆዳም ጭምር መምታት ግድ ይላል። እኛ ዋሽንግተን ላይ እንደ ብልጠት ያጨበጨብንለት ጉልበት የእንጀራ ጉዳይ ነበር።

ጨዋታው ሲጀመር ከፊት ረድፍ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቅርበት ማጉያው የሚውጠው ነገር ሁሉ ይሰማል። ወፍራሙ ክር ከአንገቱ ጫፍ ላይ እንጨቱን ነካ እያደረገ ስለሚያልፍ፣ ሲመታ እንደ በገና ይነዝራል። ባቺ የሚሉት ሰፊ መምቻ ክሩን አልፎ ቆዳው ላይ ሲያርፍ ከበሮም ነው፤ መሣሪያው ሁለት ሥራ ይሠራል። ተጫዋቹ ብቻውን ጥቂት ከቆየ በኋላ አንዲት ጎልማሳ ሴት ወጥታ አጠገቡ ቆመች። አፏን ስትከፍት እጁ ለዘበ። አንዱን ፊደል ይዛ ትስበዋለች፣ ታንቀጠቅጠዋለች፣ ሊያልቅ ነው ስንል እንደገና ታነሣዋለች፤ እሱ ትንፋሿን እየጠበቀ በመሐሉ ጣል ያደርጋል። ያ ሁሉ ፍጥነት ለምን እንደተፈጠረ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ለድምፅ መንገድ ጠራጊ ነው። ማንም አላጨበጨበም። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ብቻ በቦታው እየጠበቁ «ሃ!» ይሉ ነበር።

ሲያበቃ ተጫዋቹን አነጋገርኩት፤ እንግሊዝኛ ይችላል፣ አውሮፓም ሄዶ ተጫውቷል። መሣሪያው አንገቱ ሦስት ቦታ ተነጣጥሎ ቦርሳ ውስጥ ሲገባ አሳየኝ። ለሱጋሩ ሻሚሰን የሚወጠረው የውሻ ቆዳ ነው፤ የአየሩ እርጥበት ሲለዋወጥ ስለሚቀደድ ወደ ውጭ ሲሄድ ሰው ሠራሽ ቆዳ የለበሰውን እንደሚይዝ ነገረኝ። ዘፋኟስ? ብዬ ጠየቅኩት። ጋባዦቹ የሚሰጡት አጭር ሰዓትና ሁለት ትኬት ነው፤ ቋንቋውን የሚሰማ የለም ብለው ስለሚያስቡ ሁለቱም ትኬት ለተጫዋቾች ይሆናል አለኝ። ይህን ሲናገር ዘፋኟ አጠገባችን ቆማ ጓንቷን እያጠለቀች ነበር።

በዚህ ሐሳብ አልስማማም። ዋሽንግተን ውስጥ አማርኛ የማይሰሙ ሰዎች ትዝታ እስኪያልቅ ድረስ ሹካቸውን አስቀምጠው ሲያዳምጡ አይቻለሁ። ደግሞም ከሱጋሩ ራሱ ምስክር አለ። ታካሃሺ ቺኩዛን (1910–1998) በሕፃንነቱ በኩፍኝ የዓይኑን ብርሃን ከሞላ ጎደል አጥቶ፣ በወጣትነቱ በየደጁ እየተጫወተ የኖረ ሰው ነው። ከ1973 ጀምሮ ቶኪዮ ሺቡያ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ቲያትር ቤት ለከተማ ወጣቶች ሲጫወት፣ በዜማዎቹ መካከል ያን ኑሮውን በዘዬው ያጫውታቸው ነበር። በ1986 አሜሪካ ድረስ ሄዶ ተጫወተ። ሙዚቃውን ከነሕይወቱ ማቅረብ እንደሚቻል ከእሱ የበለጠ ማን ያሳያል?

ማታ ሂሮሳኪ ውስጥ የሕዝብ ዘፈን በሚሰማበት አንድ ምግብ ቤት እራት በላሁ። ያላዘዝኩት ትንሽ ሰሃን ቀረበልኝ፣ ሒሳቡ ላይም ተጻፈ፤ የሙዚቃውም ለብቻው ተጨመረ። የሙዚቃውን በደስታ ከፈልኩ። ስለ ሰሃኑ ግን ቅር ብሎኛል፤ ልማዱ ነው ቢሉኝም ለእንግዳ ቀድሞ መንገር ይገባል። እዚያም ዘፋኝ ነበረች፤ ሳህን ስታመላልስ ቆይታ ሽርጧን ፈትታ ዘፈነች፤ ድምፅዋ ከቀኑም ይበልጥ ነበር።

ቤቴ ከተመለስኩ በኋላ ለጸደዩ በዓል አዘጋጆች ደብዳቤ ጻፍኩ። የጠየቅኩት አራት ነገር ነው፤ ሦስተኛ ትኬት ለዘፋኝ፣ የግጥሙ ትርጉም በግማሽ ገጽ ታትሞ ለሕዝቡ እንዲታደል፣ ስለ በረዶውና ስለ ደጁ አንድ ሰው አምስት ደቂቃ እንዲናገር፣ ሲዘፈን ደግሞ ጭብጨባው እንዲቆም። ለትኬቱ ከጓደኞቼ ጋር እንደምናዋጣም ጨመርኩበት። መልሳቸው ገና አልደረሰኝም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ስልክ እደውላለሁ።