«ለበጎ ነው» ለምትሉኝ ወዳጆቼ

እንኳን ለዘመን መለወጫ በሰላም አደረሳችሁ!

ዛሬ ማለዳ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ ሳለ፣ ጎረቤታችን እማማ ግድግዳችን ላይ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ እያዩ «ይህ ጎፈሬ ልጅ ዘመዳችሁ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ጂሚ ሄንድሪክስ ነው። ጥቁር አሜሪካዊ የሮክ ጊታር ተጫዋች እንደነበረና በ27 ዓመቱ እንደሞተ ነገርኳቸው። ከንፈራቸውን መጠጡና «ምን ይደረግ ልጄ፣ ለበጎ ነው» አሉ። በዓውደ ዓመት ከትልቅ ሰው ጋር አይከራከሩምና ዝም አልኩ። እናንተ ግን ታገሡኝ።

ሄንድሪክስ ለንደን ውስጥ የሞተው በእኛ አቆጣጠር መስከረም 8 ቀን 1963 ዓ.ም. ነው። ኒው ዮርክ ላይ ያሠራው ስቱዲዮ የተመረቀው ነሐሴ 20 ነበር። ቤቱ ከምድር በታች በመሆኑ ውኃ እየገባበት ግንባታው ሲጓተት፣ ገንዘብ ሲያልቅና ብድር ሲፈለግ ከርሟል። ከምረቃው እስከ ሞቱ ጳጉሜን ጨምሮ 23 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ እነ ስቲቪ ወንደር ቀዱበት።

ቢኖርስ? ለጃዝ ትራምፔት ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ ሙዚቃ ያቀናብር የነበረው ጊል ኢቫንስ አብሮት ሊሠራ ተቀጣጥረው ነበር። ቀጠሮው ሲቀር ኢቫንስ በ1974 እ.ኤ.አ. የሟቹን ሥራዎች በራሱ ኦርኬስትራ አስጫወተ። ያንን ስሰማ ሁልጊዜ መሀሉ ላይ የጎደለው ጊታር ይታወቀኛል። እንደ እኔ ግምት ሄንድሪክስ በዚያ ስቱዲዮ አሥር ዓመት ቢቀመጥ ኖሮ፣ ሮክ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የነጮች ሙዚቃ ተብሎ አይታጠርም ነበር። ከጃዝና ከሶል ጋር በአንድ ገበታ ይቀርብ ነበር።

ሪቺ ቫለንስም አለ። ላ ባምባን በስፓኒሽ ዘፍኖ አሜሪካን ያስጨፈረ የ17 ዓመት ልጅ። በ1959 እ.ኤ.አ. የካቲት፣ አዮዋ ውስጥ፣ በብርድ ከሚያንቀጠቅጥ አውቶቡስ ለመገላገል በትንሿ አውሮፕላን ላይ የቀረችውን ወንበር ከአንድ ጊታሪስት ጋር በዘውድና ጎፈር ተጣጣሉባት። ቫለንስ አሸነፈ። አውሮፕላኗ ተከሰከሰች፤ ዘፋኙ ባዲ ሆሊም አብሮ ሞተ።

የእማማ «ለበጎ ነው» ጠንካራ ምስክር ግን እንግሊዛዊው ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ ነው። እሱም በ17 ዓመቱ፣ በርሚንግሃም በሚገኝ የብረት ፋብሪካ፣ በመጨረሻው የሥራ ቀኑ፣ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ማሽን ቆረጠው። ከምሳ በኋላ አልመለስም ብሎ ነበር፤ ቀኑን እንዲጨርስ የላከችው እናቱ ናት። ግራኝ ስለሆነ ክር የሚጫንበት ቀኝ እጁ ነበር የተጎዳው። የፈሳሽ ሳሙና ፕላስቲክ ዕቃ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፣ ቆዳ አለበሰው። ክሩ ቢያመው የባንጆ ቀጫጭን ክር አሰረ፣ ኋላም ቅኝቱን ዝቅ አደረገ። የእሱን ባንድ ብላክ ሳባትን የምናውቅበት ያ የከበደ፣ የጨለመ ድምፅ፣ ብዙዎች ሄቪ ሜታል ለሚባለው የሮክ ዓይነት መነሻ የሚሉት፣ ከዚያ ጋር አብሮ መጣ።

ታዲያ ጣቶቹ ይመለሱለት ብባል? ሳላቅማማ እመልስለታለሁ፤ ሄቪ ሜታል የሚባለው ነገር ባይወለድም ይቅር። (የሜታል ወዳጆቼ ከዛሬ በኋላ ሰላምታ እንደምትነፍጉኝ አውቃለሁ።) ፕላስቲኩን ያቀለጠው ልጁ ነው እንጂ ማሽኑ አይደለም። ጣታቸው ተቆርጦ ጊታራቸውን የሸጡትን ደግሞ ማን ቆጠራቸው?

እማማ ሦስተኛውን ጠጥተው መርቀውን ሲነሡ፣ በሩ ላይ ቆም ብለው ፎቶግራፉን እንደገና አዩት።

«እናቱስ? ይህን አይታ ኖረች?»

«የለም፣ እሱ 15 ዓመቱ ሳለ ነው የሞተችው» አልኳቸው።

«ተመስገን» አሉ፣ ነጠላቸውን እያጣፉ።

መልካም አዲስ ዓመት።