ከ«አለሁ» ለመላቀቅ ሰባት ወር፦ ኢልማቲክን በሒሳብ ደብተር

ትናንት ማታ 16 ባር (የራፕ መስመር) ጨረስኩ። አንድም መስመር በ«አለሁ» አያልቅም። ለአንዳንዶቻችሁ ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። በአማርኛ ራፕ ለመጻፍ የሞከረ ሰው ግን ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ሰባት ወር ፈጅቶብኛል፤ ደስታው እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው አሁን የምጽፍላችሁ።

አጀማመሬን ባጭሩ ልለፈው። አሜሪካዊውን ራፐር ናስን ያገኘሁት በሙላቱ አስታጥቄ በኩል ነው። ናስ ከዳሚያን ማርሊ ጋር በፈረንጆቹ 2010 ባወጣው አልበም መክፈቻ ላይ የሙላቱ «የግሌ ትዝታ» አለች። እሷን ተከትዬ 16 ዓመት ወደ ኋላ ሄድኩና የናስ የመጀመሪያ አልበም፣ ኢልማቲክ ላይ አረፍኩ። ኤፕሪል 1994 ሲወጣ ልጁ 20 ዓመቱ ነበር። ኩዊንስብሪጅ በሚባለው ትልቅ የኒው ዮርክ የመንግሥት ቤቶች መንደር ነው ያደገው፤ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አላሳለፈም። አልበሙ መግቢያውን ጨምሮ 10 ትራክ ነው፣ 40 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። እንግዳ ሆኖ የገባ ራፐር ኤዚ ብቻ ነው። ኤዚ በገባበት ዘፈን መጨረሻ ላይ የናስ አባት ኦሉ ዳራ ኮርኔት (ትንሽ ጥሩምባ) ይነፋል። ልጅ ጨርሶ አባት ሲቀበለው ስሰማ ሁሌም ሆዴ ይባባል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ያጠፋሁት ቢት (ራፕ የሚባልበትን ሙዚቃ) እያወረድኩ በላዩ ላይ በመጻፍ ነው። ስለዚያ የምለው የለኝም። የጻፍኩትን ሁሉ ጥዬዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በግስ ነው የሚዘጋው። ስለዚህ ቤት መምታት ለኛ ቀላል ይመስለናል፤ ሰዋስዉ ራሱ ይመታልናል። ይኸው የመጀመሪያ ሥራዬ፦

ማታ መብራት ሲጠፋ ሻማ አበራለሁ
ደብተሬን ዘርግቼ ግጥም እጽፋለሁ
እናቴ ስትመጣ በሩን እከፍታለሁ
የዋለችበትን ስታወራ እሰማለሁ

ውሸት የለበትም፤ የኖርኩትን ነው የጻፍኩት። ግን ጆሮ ሁለተኛው መስመር ላይ ይደክመዋል። የሚመጣውን አስቀድሞ ያውቀዋላ! አራቱም መስመር ቤት መታ የተባለው በእኔ ብልሃት ሳይሆን በ«አለሁ» ቸርነት ነው።

ይህ የገባኝ ከኢልማቲክ ዘፈኖች አንዱን፣ «ኒው ዮርክ ስቴት ኦፍ ማይንድ»ን በእጄ ስገለብጥ ነው። ቢቱን የሠራው ዲጄ ፕሪሚየር ከጆ ቻምበርስ የጃዝ ሥራ ላይ ወፍራም የፒያኖ ቁራጭ ቆርጦ ሉፕ አደረገው፣ ማለትም እየተደጋገመ እንዲዞር፤ ምቱ በደቂቃ 84 አካባቢ ነው፣ አይቸኩልም። ናስ ቨርሱን (የራፑን አንቀጽ) ሊጀምር ሲል እንዴት እንደሚጀምር እንደማያውቅ ሲናገር ይሰማል። ከዚያ ይገባል፣ ከገባ በኋላ ግን ማቆሚያ የለውም። ዓረፍተ ነገሩ ባሩ ያለቀበት ቦታ አይቆምም፤ ወደሚቀጥለው ባር ይፈስና መሃል ላይ ያርፋል። ቤቱን የሚመታው መስመር ጫፍ ላይ ብቻ አይደለም። መሃል ይመታል፣ ቀጣዩን መስመር ሲጀምር ይመታል፣ አንዱን ድምፅ ለብዙ መስመር ይዞት ይሄድና ሳታስቡት ይቀይረዋል። ቤት የሚመቱትን ቃላት በእርሳስ እያከበብኩ ስሄድ ወረቀቱ ሁሉ ክብ በክብ ሆነ። ያን ቀን ሌላ ምንም አልጻፍኩም።

እንግዲህ መፍትሔው ግሱን ከጫፍ ማንሳት ነው። አዲስ ነገር አይደለም፤ ሙሾ አውራጆች ሲያደርጉት ሰምታችኋል፣ ግሱን ወደ መሃል ገፍተው ስሙን መጨረሻ ላይ ያሳርፉታል። ግን በቢት ላይ ስትሞክሩት ቃሉ ከምቱ ጋር ይጋጫል። እኔን ያዳነኝ ልጆች ሒሳብ የሚሠሩበት ባለካሬ ደብተር ነው። ስለ እሱ ትንሽ ልዘርዝር፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ እሱን ውሰዱ።

አንድ ባር አራት ምት ነው። እያንዳንዱን ምት ለአራት ስትከፍሉት 16 ካሬ ይሆናል። ስኔሩ (ጠንከር ብሎ የሚጮኸው ከበሮ) የሚወርደው ሁለተኛውና አራተኛው ምት ላይ ስለሆነ 5ኛውንና 13ኛውን ካሬ በቀይ አቀልማለሁ። ከዚያ አንድ ፊደል አንድ ካሬ እያልኩ እሞላለሁ። ፊደላችን ለዚህ የተሠራ ነው የሚመስለው! በእርግጥ ሳድሶቹ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «መብራት» አራት ፊደል ነው፣ አፍ ላይ ግን ሁለት ነው፦ መብ፣ ራት። ስለዚህ ሁለት ካሬ ብቻ ይይዛል።

ብዙ ያለፋኝ መጥበቅና መላላት ነው። አንድ መስመሬ ላይ «ገና ነኝ» የሚል ነበር፣ ጉዞዬ አላለቀም ለማለት። «ና»ን ቀዩ ካሬ ላይ አስቀመጥኳት። ስኔሩን ለማግኘት ስል ሳላውቀው አጠብቃታለሁ። ጓደኛዬ ሰምቶ «የበዓሉን ነገር ለምን አመጣኸው?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ላልቶ መነበብ ያለበትን አጥብቄ የገና በዓል አድርጌዋለሁ። እዚያው ካሬ ላይ «ጫማ»ን ሳስገባ ግን ሌላ ነገር ሆነ። «ማ» በተፈጥሮዋ ትጠብቃለች፣ ከንፈር ገጥሞ ይቆይና ከስኔሩ እኩል ይለቀቃል። ከዚያ ወዲህ ሕጌ አንድ ነው፦ የሚጠብቅ ፊደል ቀዩ ላይ፣ የሚላላ ከቀዩ ውጭ። ሁሌ አይሳካም፤ ሲሳካ ግን ከበሮውና አማርኛው አብረው የተወለዱ ይመስላሉ።

ያው ማታ፣ ያው ሻማ፣ አሁን እንዲህ ሆነ፦

መብራት ጠፋ። ሻማ። ደብተር። ከደጅ የእማዬ ጫማ
ተሰማ። ነጠላዋ ላይ የቀኑ አቧራ፣ እጇ ላይ የሰው ሥራ
የጠራ ውሃ አቀረብኩ…

«ጫማ» ባሩን ዘግቶ «ተሰማ» ቀጣዩን ይከፍታል። «አቧራ»፣ «ሥራ»፣ «የጠራ» እየተቀባበሉ መስመሩን ያሻግሩታል። ጽሑፍ ላይ ተራ ይመስላል፣ በቢት ላይ ጮክ ብላችሁ ሞክሩት።

ጥቂት ነገር ልበል፣ የምትቃወሙኝ ካላችሁ እንከራከር። ቤት ለመምታት ብላችሁ የእንግሊዝኛ ቃል አትወትፉ። አውርታችሁ የምታውቁት ቃል ከሆነ ይግባ፣ ካልሆነ አድማጩ ወዲያው ያውቅባችኋል። በስልክ አትጻፉ፤ ስልክ መስመሩን እንጂ ምቱን አያሳይም። እና እባካችሁ መጀመሪያ ገልብጡ። በእጅ፣ ሙሉውን፣ ብዙ ጊዜ። መገልበጥ መስረቅ የሚመስላቸው ልጆች አሉ። ቅኔ ተማሪዎችም እኮ የመምህራቸውን ቅኔ በቃላቸው ሳይዙ ወደ ራሳቸው አይሄዱም።

ትንፋሽን በተመለከተ የምመክረው የለኝም። ስድስተኛው ባር ላይ አሁንም ያልቅብኛል። የት መተንፈስ እንዳለብኝ ካሬው ላይ ነጥብ አደርጋለሁ፣ ቢቱ ሲጀምር ግን ነጥቡን አልፌው እሄዳለሁ። መፍትሔ ያለው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

አሁን የያዘኝ ከዚያው አልበም «ዋን ላቭ» ነው፣ ኪው ቲፕ ቢቱን የሠራው። ናስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቨርሶች እስር ቤት ላሉ ጓደኞቹ ደብዳቤ አድርጎ ነው የጻፋቸው፤ ማን ምን እንደሆነ፣ ሰፈሩ እንዴት እንደዋለ ይነግራቸዋል። ሦስተኛው ላይ ከአንድ የሰፈር ልጅ ጋር ተቀምጦ ያወራል። እኔም ሪያድ ለምትሠራው ለአክስቴ ልጅ ደብዳቤ ጀመርኩ። አምስት ዓመት ሆኗታል ከሄደች። ናፍቃኛለች፣ የምነግራትም ብዙ ነው። ግን ደብዳቤ ሲሆን እጄ ወደ ድሮው ይመለሳል፤ የኛ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ስለ ጤና ጠይቆ ስለ ራሱ ጤና ሳይናገር ወሬ አይጀምርም። ሦስት ማታ ሌላ መክፈቻ ፈለግኩ፣ «ናፈቅሽኝ» አልኩ፣ ስለ ሰፈሩ ጀመርኩ፣ ስለ እማዬ ጀመርኩ። የትኛውም ለእሷ የተጻፈ አልመስል አለኝ።

አሁን ደብተሩ ላይ ያለው የመጀመሪያ መስመር «እኔ ደህና አለሁ» ብሎ ነው የሚያልቀው። «ለ» ጠብቃ 13ኛው ካሬ ላይ ወድቃለች። አላወጣሁትም። ሁለተኛውን መስመር ነገ ማታ እሞክራለሁ።