«ምሳ ብሉ ብለዋል»

ኦፕሬሽን ክፍል በር ላይ የሚጠብቅ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይገባዋል። ያ በር ሲከፈት የሚፈለግ ነገር አለ። «የአቶ እገሌ ቤተሰብ!» ሲባል ወይ ከውጭ የሚገዛ መድኃኒት አለ፣ ወይ ደም የሚለግስ ሰው ተፈልጓል፣ ወይ ፊርማ ይቀራል። ከእነዚህ ውጭ ከሆነ ደግሞ የቀረውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ማንም አፉን ሞልቶ አይናገረውም። በተለይ የተጣራው ሰው ዞር ዞር ብሎ «ወንድ ዘመድ የለም እንዴ?» ካለ፣ በቃ።

እኔ ከበሩ ወዲህ ነው የምሠራው። አዲስ አበባ ካሉ የመንግሥት ሆስፒታሎች በአንዱ የኦፕሬሽን ክፍል ነርስ ነኝ።

የዚያን ቀን ታካሚያችን ከደብረ ብርሃን የመጡ አባት ነበሩ። ሕመማቸው ፕሮስቴት ነው። ሽንት እየዘጋባቸው፣ ካቴተር (የሽንት ማስወጫ ቱቦ) ይዘው ሲመላለሱ ከርመው ተራቸው ደረሰ። ውጭ ሦስት ልጆቻቸው ተቀምጠዋል። አራተኛዋ ዱባይ ናት፤ በኢሞ አብራቸው ትጠብቃለች። ለምርመራውም ለመድኃኒቱም አብዛኛውን ብር የላከችው እሷ ናት። ታላቅ እህቷ ስልኩን ከእጇ አታወርድም።

ጠዋት ዶክተሩ «አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው» ብሏቸዋል። አልዋሸም። ግን የሐኪም ሰዓትና የቤተሰብ ሰዓት አንድ አይደለም። ሐኪሙ የሚቆጥረው ቢላው ቆዳ ከነካ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ስፌት ያለውን ነው። ቤተሰብ የሚቆጥረው አባቱ በስትሬቸር በሩን ካለፈ ጀምሮ ነው። አባባ የገቡት 2 ሰዓት ላይ ነበር። ከፊታቸው የነበረው ኬዝ ተጓተተ። ማቆያው ውስጥ ብርድ ልብስ ደርበው ሲጸልዩ ቆዩ። ጀርባቸው ላይ የማደንዘዣውን መርፌ ሲወጉ 5 ሰዓት እየሆነ ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ መደንዘዛቸውን መፈተሽ፣ ሆዳቸውን በአዮዲን ማጠብ፣ መሸፈን አለ። ውጭ ላሉት ልጆች «አንድ ሰዓት ተኩሉ» ካለቀ ቆይቷል። ይህን ሁሉ የነገራቸው ሰው የለም።

በጀርባ የሚሰጠው ማደንዘዣ የሚያደነዝዘው ከወገብ በታች ነው። ታካሚው ነቅቶ ያወራል። አባባ ደግሞ ጨዋታ ይችላሉ። ዶክተሩ ሥራው ላይ አቀርቅሮ፣ እሳቸው ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ለማደንዘዣ ባለሙያው የዘንድሮን የገብስ ዋጋ ያስረዱታል። መሃል ላይ ዝም አሉና «ስንት ሰዓት ሆነ?» ብለው ጠየቁ። 6 ሰዓት አልፏል ተባሉ።

«በል ልጆቼ ምሳ አልበሉም። እባክህ ልጄ፣ ውጣና ሂዱ ብሉ ብሏል በላቸው።»

ያን ቀን ሰርኩሌት የሚያደርገው፣ ማለትም ቀዶ ሕክምናው ውስጥ እጁን ሳያስገባ ዕቃ የሚያቀብለውና የሚላላከው ልጅ አዲስ ነው። ሰው አክባሪ ነው። እጁ ፋታ ሲያገኝ ወጣ። ሁላችንም እንደምናደርገው በሩን ገፋ አድርጎ፣ ማስኩን ሳያወልቅ፣ «የአቶ እገሌ ቤተሰብ!» አለ።

ሦስቱም ብድግ አሉ። ልጁ በአክብሮት ድምፁን ዝቅ አደረገና «አባታችሁ...» ብሎ ጀመረ። «መልእክት አላቸው» የሚለው ጋ አልደረሰም። ታላቋ «አባቴን!» ብላ እሪ አለች። ስልኩ ወደቀ። ወንድሟ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። አጠገባቸው የነበሩ፣ ጭራሽ የማይተዋወቋቸው እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ማልቀስ ጀመሩ። በእኛ አገር ለለቅሶ መተዋወቅ አያስፈልግም። ልጁ መሃላቸው ቆሞ «ምሳ ብሉ ብለዋል! ኧረ ምሳ ብሉ ነው ያሉት!» ይላል። ማን ይስማው?

ጩኸቱ ውስጥ ድረስ ተሰማ። አባባም ሰሙት። ከንፈራቸውን መጠጡና «የማን ሰው ይሆን? ነፍስ ይማር» አሉ።

ከሪከቨሪ (ታካሚ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከሚያገግምበት ክፍል) አንዷ ሲስተር ሮጣ ወጣች። ማስኳን አውልቃ፣ ታላቋን ትከሻዋን ይዛ «በሕይወት አሉ፣ እያወሩ ነው» አለቻት። ኮሪደሩ ቀስ በቀስ ረጋ። ዱባይ ያለችው ግን የሰማችው ጩኸቱን ብቻ ነው፤ ወዲያው መስመሩ ተቋርጧል። መልሰው እስኪያገኟት ድረስ እሷ ደብረ ብርሃን ደውላለች። አክስትየዋ ጎረቤት ጠርታለች። አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር ለመምጣት ሚኒባስ ኮንትራት ሊይዙ ሲሉ ነው እውነቱ የደረሳቸው። ሰውየው ይህ ሁሉ ሲሆን ገና ስፌታቸው አላለቀም።

ሲጨርስ ዶክተሩ ራሱ ወጣ። ከሁሉ አስቀድሞ «ደህና ናቸው» አለ። ቀጥሎ የሚያዩትን ነገራቸው። የሽንት ከረጢታቸው ቀይ ሆኖ ታዩታላችሁ፤ ፊኛቸው በሳላይን (በጨው ውሃ) እየታጠበ ስለሆነ ነው፤ ትንሽ ደም ብዙ ውሃ ያቀላል፤ በአንድ ሁለት ቀን እየጠራ ይሄዳል። እግራቸውንም ለጥቂት ሰዓት አያንቀሳቅሱም፤ ማደንዘዣው ሲለቅ ይመለሳል። አባባ እግራቸው ሳይነቃነቅ፣ ቀይ ከረጢት ተንጠልጥሎላቸው ሲወጡ ማንም አልጮኸም። ያው ቤተሰብ ነው። ቀድሞ ስለተነገረው ብቻ ነው። ይህን ያየሁት እዚያው ቆሜ ነው፤ ለእኔ ከጩኸቱ ይልቅ ያስገረመኝ ይኼ ነው።

በሳምንቱ ስብሰባ ላይ ጉዳዩ ተነሣ። የመጀመሪያው ሐሳብ በሩ ላይ «መጮኽ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ይለጠፍ የሚል ነበር። እውነቴን ነው። አንዷ አንጋፋ ነርስ ሳቀችና ግድግዳው ላይ ያለውን የቀዶ ሕክምና የደኅንነት መጠይቅ አሳየችን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው፤ 19 ነጥብ አለው። የታካሚው ማንነት፣ የሚቀደደው ቦታ፣ አለርጂ፣ የመርፌና የጎዝ ቆጠራ ሁሉ ተጽፏል። ጥሩ ወረቀት ነው፣ ሕይወት አድኗል። ለቤተሰብ ይነገር የሚል ግን የለበትም። «እሱን እኛ እንጨምር» አለች።

አሁን ቀዶ ሕክምናው ሲጀመር አንድ ጊዜ፣ ታካሚው ሪከቨሪ ሲገባ አንድ ጊዜ ሰው ይወጣል። ከበሩ ላይ አይጣራም፣ ማስኩን አውልቆ ወደተቀመጡበት ይሄዳል። መጀመሪያ «ደህና ናቸው» ይላል፤ የቀረው ከዚያ በኋላ ይመጣል፣ ምሳም ቢሆን። ደግነት ነው የሚሉ አሉ። ለእኔ ሥራ ነው። ሲነገራቸው በሩን አይከቡትም፣ ስትሬቸር ያልፋል፣ በየደቂቃው የሚያንኳኳ የለም።

አንድ ችግር ግን አመጣ። «ደህና ናቸው» ማለት የማይቻልበት ቀን ሲመጣ ቤተሰብ ከመጀመሪያው ቃል ያውቃል። ስለዚህ ክፉ ዜና ሲኖር ነርስ አይወጣም። ዶክተሩ ራሱ ቢሮ አስገብቶ፣ አስቀምጦ ይነግራቸዋል። አሁን ደግሞ ቢሮ ግቡ መባል በራሱ ሰው ያስደነግጣል። ለዚህ ገና መላ አላገኘንም።

ሌሊት ደግሞ ሌላ ነው። ድንገተኛ ኬዝ ሲደራረብ ለሁለት ጠረጴዛ አንድ ሰርኩሌተር ነው ያለን፤ ማን ይውጣ? ያን ጊዜ ለቤተሰብ የሚያወራው የጥበቃ ሠራተኛችን ነው። ስለ ቀዶ ሕክምናው ምንም አያውቅም። ግን ሻይ የት እንደሚገኝ ይነግራቸዋል፣ አግዳሚውን ያስለቅቅላቸዋል፤ የሚጠይቁትን ይዞም መስኮቱን ያንኳኳልናል።